ከሰዓት ጋር የተሽቀዳደመው ሰው፤ የፋውስቶ ኮፒ ታሪክ

የብስክሌት እሽቅድምድም ሲባል ብዙዎቻችን በዐይነ ኅሊናችን የምናየው መቶ የሚሆኑ ጋላቢዎች እንደ ንብ መንጋ ተያይዘው አውራ ጎዳናውን ሲያጥለቀልቁት ነው። በዚያ ዐይነቱ ውድድር ብልኅ የሆነ ሰው ከፊቱ ባለው ጋላቢ ጀርባ ተጠልሎ፣ ነፋሱን ለሌላው ትቶ፣ ጉልበቱን ለመጨረሻዋ ደቂቃ ማቆየት ይችላል። ዛሬ ታሪኩን የምናቀርበው ሰው ግን ስሙን ካስጠራባቸው ውድድሮች አንዱ ምንም መጠለያ የሌለው ነው። ይኸውም በክብ ሜዳ ላይ የሚደረገው የማሳደድ ውድድር ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። ሜዳው እንደ እንቁላል የሞላለ፣ በመታጠፊያዎቹ ላይ እንደ ገደል ያዘነበለ፣ ከእንጨት ወይም ከሲሚንቶ የተሠራ ነው። ብስክሌቱ ፍሬን የለውም፤ ፔዳሉም ከኋላው ጎማ ጋር አብሮ ስለሚዞር ጋላቢው ብስክሌቱ እስኪቆም ድረስ እግሩን ማሳረፍ አይችልም። ሁለት ሰዎች ብቻ፣ አንዱ በዚህ ማዶ ሁለተኛው በዚያ ማዶ ትይዩ ቆመው ምልክቱ ሲሰጥ ይነሣሉ። አንዱ ሌላውን ከኋላው ከደረሰበት ነገሩ በዚያው ያልቃል፤ ካልደረሰበትም ርቀቱን ባነሰ ጊዜ የጨረሰው ያሸንፋል። በዚያ ዘመን ርቀቱ ለባለ ደሞዝ ጋላቢዎች 5 ኪሎ ሜትር ነበር። (አምስት ኪሎ ሲባል የዩኒቨርሲቲው ሰፈር ትዝ የሚላቸው ተማሪዎች አንባቢዎቼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህኛው አምስት ኪሎ በስድስትና በሰባት ደቂቃ መካከል የሚያልቅ፣ ነገር ግን ሳንባን የሚያቃጥል ነው።) ጋላቢው ባላጋራውን ከሜዳው ማዶ እንደ ጥላ ያየዋል እንጂ በአጠገቡ አያገኘውም። እውነተኛው ባላጋራ የዳኛው ሰዓት ነው።

ፋውስቶ ኮፒ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1919 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው። አገሩ በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒዬሞንቴ ክፍል፣ ካስቴላኒያ የምትባል ትንሽ የኮረብታ መንደር ናት። አባቱ ዶሜኒኮ፣ እናቱ አንጆሊና ይባላሉ፤ ገበሬዎች ነበሩ። ከአምስት ልጆቻቸው ፋውስቶ አራተኛው ሲሆን የሁሉ ታናሽ ሴርሴ የሚባለው ወንድሙ ነበር። የሴርሴን ስም አንባቢ ያስታውሰው፤ ኋላ እንመለስበታለን። ፋውስቶ ቀጭን፣ እግሩ እንደ ሽመላ የረዘመ፣ ደረቱ ግን ከቁመናው ጋር የማይመጣጠን ሰፊ ልጅ ነበር። ቆሞ ላየው ያሳዝን ነበር፤ ብስክሌት ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል።

በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ኖቪ ሊጉሬ ወደምትባለው ከተማ ወረደና በአንድ ሥጋ ቤት ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው ሥጋና ቋሊማ በየደንበኛው ቤት በብስክሌት ማድረስ ነበር። ያ ኮረብታማ መንገድና ያ ከባድ ቅርጫት የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎቹ ሆኑ። ኋላም የመርከብ መኮንን የነበረ አጎቱ ገንዘብ ረድቶት ለእሽቅድምድም የሚሆን ብስክሌት ገዛ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የዚያ ዘመን ኢጣልያ የሚያስታውሰን ሌላ ነገር ነው። በ1936 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ኮፒ የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ በኖቪ መንገዶች ላይ ቋሊማ ያመላልስ ነበር። ሰባት ዓመት ቆይቶ ያው መንግሥት እሱንም ወታደር አድርጎ ወደ አፍሪካ ይልከዋል፤ እዚያ ላይ ግን ገና አልደረስንም።

በኖቪ ከተማ ቢያጆ ካቫና የሚባል ዐይነ ስውር ወጌሻ ይኖር ነበር። ቀድሞ የዝነኛውን የኮስታንቴ ጂራርዴንጎን ሰውነት ያሸ ሰው ነው። ዐይኑ ባያይ እጁ ያይ ነበር፤ የጋላቢን ጭንና ጀርባ በጣቱ ዳስሶ ስለ ሰውየው ዐቅም ይፈርድ ነበር ይባላል። ይህ ሰው የሥጋ ቤቱን ልጅ ዳሰሰና ከዚያ በኋላ አለቀቀውም። ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚተኛ፣ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጋልብ ይወስንለት ጀመር። ብዙ ጋላቢዎች ሥጋ ጠግቦ መብላትና ወይን መጠጣት ጉልበት ይሰጣል ብለው በሚያምኑበት ዘመን ኮፒ ምግቡን እንደ መድኃኒት እየለካ መብላት ተማረ። ኋላ ከሱ በታች ያሉት ሁሉ ይህን ልማድ ወረሱ።

በ1940 ዓ.ም. ሌኛኖ የሚባለው ቡድን ኮፒን ለጂኖ ባርታሊ ረዳት እንዲሆን ቀጠረው። ባርታሊ በ1938 ዓ.ም. የፈረንሳይን ዙር ያሸነፈ፣ በሃይማኖተኛነቱም በአገሩ እጅግ የተከበረ ጋላቢ ነበር። የረዳት ሥራ ውሃ ማቀበል፣ ጎማ መስጠት፣ ለጌታው ነፋስ መመከት ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት በኢጣልያ ዙር ባርታሊ ወድቆ ተጎዳና ወደ ኋላ ቀረ። ውድድሩ ከፊሬንዜ ወደ ሞዴና የአፔኒንን ተራራ ሲያቋርጥ ረዳቱ ከሁሉ ተለይቶ ብቻውን ወጣ፤ የመሪነቱንም ሮዝ ሹራብ ለብሶ እስከ ሚላኖ አላወለቀውም። ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ያን ዙር ያሸነፈ ከሱ በፊት አልተገኘም። ዙሩ ያለቀው ጁን 9 ቀን ነበር። በማግስቱ ኢጣልያ ጦርነት ዐወጀች።

ኮፒ ወታደር ሆነ፤ ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ በአገሩ ውስጥ እንዲወዳደር ይፈቀድለት ነበር። እስከ ዛሬ የሚወሳውን አንድ ሥራ የሠራውም በዚህ ጊዜ ነው። በሚላኖ ከተማ ቪጎሬሊ የሚባል ከእንጨት የተሠራ ሜዳ አለ። በዚሁ ሜዳ ላይ በ1937 ዓ.ም. ሞሪስ አርሻምቦ የሚባል ፈረንሳዊ በአንድ ሰዓት ውስጥ 45 ኪሎ ሜትር ከ767 ሜትር ሄዶ የዓለምን ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ኮፒ ይህን ሊያሻሽል የተነሣው ኖቬምበር 7 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው። ሚላኖ ከሁለት ሳምንት በፊት በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ተደብድባለች። ምግብ በካርድ ይታደላል፤ ተመልካቹም ጥቂት ነው። በዚህ መካከል አንድ ቀጭን ወታደር ከመቶ ጊዜ በላይ አንዱን ሜዳ ብቻውን ዞረ። ሰዓቱ ሲሞላ የሄደው 45 ኪሎ ሜትር ከ798 ሜትር ሆኖ ተገኘ። ብልጫው 31 ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ሲቆጠር ሦስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ይህን 31 ሜትር ያለፈ ሰው እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ አልተገኘም። በዚያ ዓመት ፈረንሳዊው ዣክ አንክቲል በዚያው በቪጎሬሊ 46 ኪሎ ሜትር ከ159 ሜትር ሄደ።

አራት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በማርች 1943 ዓ.ም.፣ የዓለሙ ባለ ክብረ ወሰን ጠመንጃ ተሸክሞ ወደ ቱኒዝያ ተላከ። ክብረ ወሰኑ ከዘመቻ አላዳነውም። በሚቀጥለው ወር በእንግሊዞች ተማረከና መጀመሪያ በቱኒዝያ፣ ቀጥሎም በአልጄርያ በምርኮኞች ሰፈር ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ታሰረ። እዚያም ወባ ያዘው። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ደቡብ ኢጣልያ መልሰውት በካዜርታ ለአንድ እንግሊዛዊ መኮንን አሽከር ሆነ። በናፖሊ የሚታተም አንድ ጋዜጣ ለኮፒ ብስክሌት የሚሰጥ ሰው ይኖር እንደ ሆነ አንባቢዎቹን ለመነ፤ አንድ አናጢም ሰጠው። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ መንደሩ ሲመለስ ብዙውን መንገድ የተጓዘው በብስክሌት ነው።

ከሃያ ሦስት እስከ ሃያ አምስት ያለው ዕድሜ ለጋላቢ የወርቅ ዘመን ነው። ኮፒ ይህን ዘመን በሽቦ አጥር ውስጥ ጨረሰው። ብዙ ሰው አበቃለት ብሎ ነበር። ማርች 19 ቀን 1946 ዓ.ም. ግን ከሚላኖ እስከ ሳን ሬሞ በተደረገው ውድድር፣ ከመንገዱ ግማሽ ያህሉን ብቻውን ጋልቦ፣ ሁለተኛውን በ14 ደቂቃ ቀደመው። አሁን ቡድኑ ቢያንኪ ነበር፤ ከባርታሊም ጋር ጌታና ረዳት መሆኑ ቀርቶ ባላጋሮች ሆነዋል። የኢጣልያ ሕዝብም ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ ባርታሊን፣ ገሚሱ ኮፒን ይዞ በየቡና ቤቱ ይከራከር ነበር።

አሁን ወደ ክቡ ሜዳ እንመለስ። በማሳደድ ውድድር ለባለ ደሞዝ ጋላቢዎች የዓለም ሻምፒዮንነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1946 ዓ.ም. በዙሪክ ነው፤ ያሸነፈውም ጌሪት ፔተርስ የሚባል የሆላንድ ሰው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሻምፒዮናው ፓሪስ ላይ ተደረገ። ለመጨረሻው ግጥሚያ ሁለት ኢጣልያውያን ደረሱ፤ አንዱ ኮፒ፣ ሁለተኛው አንቶኒዮ ቤቪላኳ ነበሩ። ኮፒ አሸነፈ። በክብ ሜዳ ላይ ያዩት ሰዎች ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጀርባው እንደ ጠረጴዛ ጸጥ ብሎ እግሩ ብቻ የሚሠራ መሆኑ ነው። ሌላው ጋላቢ ሲደክመው ራሱን ይወዘውዛል፣ ትከሻው ይናወጣል። ኮፒ ግን ድካሙን የሚያሳውቅ ሰውነት አልነበረውም።

የ1948 ዓ.ም. ነገር ለየት ያለ ነው። በኦገስት ወር የዓለም የጎዳና ሻምፒዮና በሆላንድ አገር በፋልከንቡርክ ሲደረግ ኮፒና ባርታሊ ለአንድ አገር ሹራብ ተሰልፈው ነበር። ነገር ግን አንዱ ሌላው እንዳያሸንፍ ይጠብቀው ጀመር። ኮፒ ሲዘገይ ባርታሊ ይዘገያል፤ ባርታሊ ሲቆም ኮፒ ይቆማል። እንዲህ ሲተያዩ ውድድሩ ጥሏቸው ሄደ፤ በመጨረሻም ሁለቱም ከብስክሌታቸው ወርደው ወደ ማረፊያቸው ገቡ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ የኢጣልያ የብስክሌት ፌዴሬሽንም ቀጣቸው። በዚያው ወር አምስተርዳም ላይ በተደረገው የማሳደድ ሻምፒዮና ኮፒ እንደገና ለመጨረሻው ግጥሚያ ደረሰና በሆላንዳዊው በጌሪት ሹልተ ተሸነፈ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለተኛው ሽንፈት ከመጀመሪያው እጅግ የከበረ ነው። በክቡ ሜዳ ላይ ኮፒ ባላጋራውን የሚጠብቅበት ምክንያት አልነበረውም፤ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ተረታ። በጎዳናው ላይ ግን የረታው ሹልተም ሌላም አይደለም፤ ወንድም አገሩን መፍራቱ ነው።

በ1949 ዓ.ም. ለሁሉም ካሣ ከፈለ። በኢጣልያ ዙር ከኩኔዎ እስከ ፒኔሮሎ ባለው የ254 ኪሎ ሜትር መንገድ አምስት ታላላቅ የአልፕ መተላለፊያዎች አሉ። ኮፒ በመጀመሪያው ተራራ ላይ ከሁሉ ተለይቶ 192 ኪሎ ሜትር ብቻውን ሄደ፤ ሁለተኛ የወጣው ባርታሊ የደረሰው ከ12 ደቂቃ ትንሽ ባነሰ ጊዜ በኋላ ነው። ዙሩን አሸነፈ። በሚቀጥለው ወር ወደ ፈረንሳይ ዙር ሄደ። በመጀመሪያው ሳምንት ወድቆ ብስክሌቱ ተሰበረ፤ ሌላ ብስክሌት እስኪመጣለት ቆሞ ሲጠብቅ ልቡ ተሰበረና ወደ አገሬ ልመለስ አለ። የቡድኑ አለቃ አልፍሬዶ ቢንዳ እየለመነ አስቀጠለው። በዚያ ቀን ማታ ከመሪው በ36 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ፓሪስ ሲገባ ግን ከሁሉ ፊት ነበር፤ ባርታሊን በ10 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ በልጦታል። ሁለቱን ዙሮች በአንድ ዓመት ያሸነፈ ከሱ በፊት ማንም አልነበረም።

ከዚያም ሳያርፍ ወደ ኮፐንሃገን ተሻግሮ በክብ ሜዳ የማሳደዱን የዓለም ሻምፒዮንነት ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደ። ይህን ነገር ቀለል አድርጎ ማየት አይገባም። ሦስት ሳምንት ተራራ ለመውጣት የሚያስፈልገው ሰውነትና ስድስት ደቂቃ ለመክነፍ የሚያስፈልገው ሰውነት እንደ እርሻ በሬና እንደ ጉግስ ፈረስ የተለያዩ ናቸው። ኮፒ በአንድ ክረምት ሁለቱንም ሆኖ ታየ።

እውነቱን ለመናገር ጉልበቱ ሁሉ ከተፈጥሮና ከካቫና እጅ ብቻ የመጣ አይደለም። በዚያ ዘመን ጋላቢዎች የሚያነቃቃ መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ ኮፒም መውሰዱን ራሱ በአደባባይ አልካደም። በጊዜው የሚከለክል ደንብ አልነበረም። ይህን የምንጽፈው ስሙን ለማጉደፍ ሳይሆን፣ ሰው እንጂ መልአክ እንዳልነበረ ወጣት አንባቢዎች እንዲያውቁት ነው።

አጥንቱ በቀላሉ የሚሰበር ሰው ነበር። በ1950 ዓ.ም. በኢጣልያ ዙር ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ። የባሰው ስብራት ግን በሚቀጥለው ዓመት መጣ። ታናሽ ወንድሙ ሴርሴ እንደሱ የላቀ ጋላቢ ባይሆንም በ1949 ዓ.ም. በፓሪስ-ሩቤ ውድድር ከአንድ ፈረንሳዊ ጋር አንደኝነቱን ተካፍሏል፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የፋውስቶ ጓደኛና አጽናኝ ነበር። ፋውስቶ ዝምተኛ፣ ሴርሴ ሳቂታ ነበር። በጁን 1951 ዓ.ም. ቶሪኖ ላይ በተፈጸመው የፒዬሞንቴ ውድድር የሴርሴ ጎማ በከተማው የትራም ሐዲድ ውስጥ ገብቶ ጣለው። ተነሥቶ ውድድሩን ጨረሰ፤ ወደ ሆቴሉም ሄደ። እዚያ ራሱን አመመው፤ በዚያው ዕለት ሞተ። ፋውስቶ ከጥቂት ቀን በኋላ ፈረንሳይን መዞር ነበረበት። ሄደ፤ ነገር ግን ወደ ሞንፔልዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ጉልበቱ ከድቶት ረዳቶቹ እየደገፉ አደረሱት። ያን ዓመት ዐሥረኛ ወጣ።

በ1952 ዓ.ም. እንደገና ሁለቱን ዙሮች አሸነፈ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የኢጣልያን ዙር ለአምስተኛ ጊዜ ወሰደ፤ በዚያው ዓመት በስዊስ አገር በሉጋኖ የዓለም የጎዳና ሻምፒዮን ሆነ። የክቡ ሜዳ ዘውድ ግን አልተመለሰለትም፤ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. ያን ዘውድ የጫነው ፓሪስ ላይ የረታው ቤቪላኳ ነበር።

ከዚህ በኋላ ስሙ ከእስፖርት ገጽ ወደ ፍርድ ቤት ገጽ ተዛወረ። ኮፒ በ1945 ዓ.ም. ብሩና የምትባል ሴት አግብቶ ሴት ልጅ ወልዶ ነበር። ቆይቶ ጁሊያ ከምትባል የሐኪም ሚስት ጋር ተዋደደ፤ ጋዜጠኞች ከለበሰችው ካፖርት የተነሣ ነጭ ለባሿ እመቤት አሏት። በዚያ ዘመን በኢጣልያ ፍቺ አይፈቀድም ነበር፤ ዝሙትም በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። በ1954 ዓ.ም. ፖሊሶች በሌሊት ቤታቸው ገቡ፤ ጁሊያ ለጥቂት ቀን ታሰረች፤ የኮፒ ፓስፖርት ተያዘ። በ1955 ዓ.ም. በሁለቱም ላይ የታገደ የእስራት ፍርድ ተፈረደባቸው። ወንድ ልጃቸው የአባቱን ስም እንዲይዝ እናቱ አርጀንቲና ድረስ ሄዳ ወለደችው። ትቷት የሄደው ሚስቱ ያላጠፋች ሴት ነበረችና በዚህ ነገር ኮፒን ከነቀፌታ ነጻ ማድረግ አይቻልም። ነገር ግን ትናንት መንገድ ዳር ቆሞ ያጨበጭብለት የነበረ ሕዝብ በማግስቱ ሲሰድበው መዋሉም የሚያስመሰግን አይደለም።

ዕድሜው እየገፋ ሄደ፤ ማሸነፍ ቀረ፤ መወዳደሩን ግን አልተወም። በዲሴምበር 1959 ዓ.ም. ዛሬ ቡርኪና ፋሶ የምትባለው ኦት ቮልታ የሪፑብሊክነቷን አንደኛ ዓመት ስታከብር የአውሮፓ ጋላቢዎችን ጠራች። ዣክ አንክቲል፣ ራፋኤል ጄሚኒያኒ፣ ሌሎችም ነበሩ። በዋጋዱጉ ከተማ ዲሴምበር 13 ቀን በተደረገው ውድድር አንክቲል አንደኛ፣ የ40 ዓመቱ ኮፒ ሁለተኛ ወጡ። ከዚያም አደን ሄዱ። ኮፒና ጄሚኒያኒ በአንድ ክፍል ሲያድሩ ቢንቢ አስቸገራቸው።

ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ቀን እንደ ቆዩ ሁለቱም በትኩሳት ወደቁ። ጄሚኒያኒ ራሱን እስከ መሳት ደረሰ፤ ነገር ግን ሐኪሞቹ ደሙን ፓሪስ ወደሚገኘው የፓስተር ተቋም ልከው ስላስመረመሩ ብርቱው የወባ ዐይነት መሆኑ ታወቀ። ኪኒን ተሰጠው። ቤተ ሰቦቹም ወዲያው ወደ ኢጣልያ ስልክ ደውለው ነገሩን አስታወቁ። የኮፒ ሐኪሞች ግን ሕመሙን እንደ ጉንፋንና እንደ ሳንባ ሕመም ቆጥረው ያክሙት ነበርና ምክሩን አልተቀበሉም።

እዚህ ላይ ልብ የሚል ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዝም ብሎ ማለፍ የሚችል አይመስለኝም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ቆላ ወርዶ በተመለሰ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ብርድና ትኩሳት ሲነሣ በደንቢያ ያለች ባልቴት ምን እንደ ሆነ ሳትጠይቅ ታውቀዋለች። በቶርቶና ሆስፒታል የነበሩት የተማሩ ሰዎች ግን በሽተኛው ከየት እንደ መጣ እየተነገራቸው፣ በስልክም እየተለመኑ፣ በጊዜው አላወቁትም። ኮፒም ወባን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ በምርኮ ሳለ ይዞት ነበር። በመጨረሻ ላይ ግን ለመናገር ዐቅም አልነበረውም። ጃንዋሪ 2 ቀን 1960 ዓ.ም. ጧት ሞተ፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በክረምቱ ጭቃ ወደ ካስቴላኒያ ኮረብታ ወጥቶ ቀበረው። ባርታሊም መጥቶ ነበር። ዛሬ መቃብሩ ከወንድሙ ከሴርሴ መቃብር ጎን ነው፤ መንደሪቱም በ2019 ዓ.ም. ስሟ ካስቴላኒያ ኮፒ ተብሏል።

በዋጋዱጉ ጉዞ ከሱ ጋር በአንድ ክፍል ያደረው፣ በዚያው ቢንቢ የተነከሰው ራፋኤል ጄሚኒያኒ በ2024 ዓ.ም. በ99 ዓመቱ ዐረፈ።